ኢትዮጵያ በሞርስ «ዲት ዳ» ነች

ኖኪያ ስልክ የነበራችሁ፣ ወይም እናትና አባታችሁ ይዘውት የምታስታውሱ፣ መልእክት ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ እስኪ ወደ ጆሯችሁ መልሱት። ዲዲዲት፣ ዳዳ፣ ዲዲዲት። ሦስት አጭር፣ ሁለት ረጅም፣ ሦስት አጭር። ልጅ ሆኜ ይሄን ድምፅ በቀን ስንቴ እንደምሰማው አልቆጥረውም። እናቴ «ቴሌ ነው፣ ተወው» ትላለች፤ እኔም እተወዋለሁ። ድምፁ ራሱ የሆነ ነገር እየተናገረ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

የነገሩኝ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት አሳ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ነበር። ጋሼ ጆሯቸው ከብዷል። አስተናጋጇ «ጥብስ ነው ጉላሽ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃቸው አልሰሟትም። በዚያ መሐል ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ የአዝራር ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ዞር እንኳ ሳይሉ «ኤስ፣ ኤም፣ ኤስ» አሉ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ስልኩ ነዋ! ኤስ ኤም ኤስ ይላል። ሞርስ ነው።»

ያሳፈረኝ ነገር ምን መሰላችሁ? እኔ ያን ጊዜ ለአማተር ሬዲዮ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነበር። የሞርስ ሰንጠረዥ የስልኬ ዎልፔፐር ከሆነ ሁለት ወር አልፎታል። ነጥብና ሰረዙን በቃሌ እወጣዋለሁ። ልጅነቴን ሙሉ የሰማሁትን ድምፅ ግን አላወቅሁትም፤ የአስተናጋጇን ጥያቄ ያልሰሙት ሽማግሌ አወቁት።

አማተር ሬዲዮ ምንድነው ለምትሉ፣ ፈቃድ ያወጣ ሰው በራሱ መሣሪያ፣ ያለ ሲም ካርድ፣ ያለ ማማ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ፈቃድ ካለው ሌላ ሰው ጋር በሞገድ የሚገናኝበት ነገር ነው። ንግድ አይሠራበትም፤ ፕሮግራም አይተላለፍበትም፤ በሚስጥር ኮድም አይወራበትም። ፈቃዱን ለማግኘት ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ሞገድና ስለ ደንቡ መፈተን አለ። እኛ ሀገር የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የሚባል አለ፤ የክለቡ ጣቢያ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው። የጣቢያው መጠሪያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። እያንዳንዱ ሀገር የራሱ መነሻ ፊደላት አሉት፤ የእኛ ኢቲ ነው። አየር መንገዳችን አውሮፕላኖች ላይ የተጻፈው ኢቲም ያው ነው። በዚህ መነሻ የሚጠራ ጣቢያ በዓለም ላይ ብርቅ ስለሆነ፣ አየር ላይ የወጣ ዕለት ከጃፓን እስከ አሜሪካ ያለው አማተር «እኔን መልስ፣ እኔን መልስ» እያለ ይረባረብበታል።

አሁን የምወደውን ልንገራችሁ። በሞርስ «ኢ» አንድ ዲት ብቻ ነው፤ ከፊደላቱ ሁሉ አጭሩ። «ቲ» ደግሞ አንድ ዳ ብቻ። ኮዱ ሲሠራ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ለሚመጡ ፊደላት አጭሩ ድምፅ ተሰጣቸው፤ እኛም ሳንለፋበት የአንድ ዲትና የአንድ ዳ ባለቤት ሆንን። ዲት፣ ዳ። ኢትዮጵያ ተጠራች ማለት ነው። አደጋው፣ በሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት ትንሽ ከጠበበ ተጣብቀው «ኤ» የሚባለውን ፊደል ይሆናሉ። ይሄ ነገር በኋላ ጉድ ሠርቶኛል።

ሞርስ ማወቅ አሁን ግዴታ ነው ወይ? በአብዛኛው ዓለም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቫ ላይ የተቀመጠው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ጉዳዩን ለየሀገሩ ተወው። አሜሪካኖች በ2007 ከፈተናቸው አወጡት። ከዚያ በፊት 5 ደቂቃ የሚፈጅ መልእክት ይላክልሃል፤ ከእሱ ውስጥ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያለ ስህተት ከጻፍክ፣ ወይም ስለ መልእክቱ ከሚጠየቁት 10 ጥያቄዎች 7ቱን ከመለስክ ታልፋለህ። እኔ ማንም ሳያስገድደኝ ያንን የድሮ ፈተና ለራሴ ፈተና አደረግሁት። ፍጥነቱንም መሐለኛውን መረጥኩ፤ በደቂቃ 13 ቃል። አንድ ቃል 5 ፊደል ተብሎ ስለሚቆጠር፣ 65 ፊደል ሳይሳሳቱ በተከታታይ መጻፍ ማለት ነው።

ለምን? የተከበረ ምክንያት የለኝም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ሥራዬ አብሮ ተቋረጠ። ኦንላይን ፖስተር እየሠራሁ ነበር የምኖረው። ለወራት ስልኬ ካሜራና ባትሪ ብቻ ሆነ። በፊት ካወረድኳቸው አፖች ውስጥ ያለ ኔት የሚሠራ አንድ የሞርስ መለማመጃ ነበረኝ። መጀመሪያ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር፤ በኋላ እልህ ሆነ።

ሞርስ ኢንተርኔትን ይተካል የሚላችሁ ሰው ካለ እያጋነነ ነው። ፎቶ አይላክበትም። ቴሌብር የለውም። ለእናቴ «ደህና ነኝ» እንኳ ልላት አልችልም፤ እሷ ፈቃድ የላትማ! የማረከኝ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሰው 5 ዋት በማይሞላ ኃይል፣ የጓሮ አምፖል በማያበራ ጉልበት፣ አየሩ ከቀናለት ባሕር ተሻግሮ የሚሰማ መሆኑ። የሰው ንግግር በሬዲዮ ሲላክ ሰፋ ያለ ቦታ ይወስዳል፤ ወደ 3 ሺህ ኸርዝ ገደማ። ሞርስ ግን አንዲት ቀጭን ድምፅ ስለሆነች፣ ተቀባዩ ዙሪያዋን ያለውን ጫጫታ በሙሉ ቆርጦ እሷን ብቻ ማስቀረት ይችላል። ንግግር በጫጫታ ውስጥ ሲሰምጥ ሞርስ ገና ይሰማል።

ከአሳ ቤቱ ቀን በኋላ ማታ ማታ ጋሼ በረንዳ መዋል፣ ይቅርታ፣ ማምሸት ጀመርኩ። ጋሼ በደርግ ጊዜ የጦሩ መገናኛ ውስጥ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። መጀመሪያ ያደረጉት ስልኬን ተቀብለው ዎልፔፐሩን ማየት ነው። መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄን ጣለው» አሉኝ።

«እንዴ ጋሼ! ሁለት ወር የለፋሁበት ነው እኮ።»

«ለዚያ ነው የማትሰማ። አንተ ድምፅ አትሰማም፣ ነጥብ ትቆጥራለህ። ቆጥረህ ስትጨርስ ሰውዬው ሦስት ፊደል አልፎሃል።»

ልክ ነበሩ። በዓይን የተማረ ሰው ድምፅ ሲሰማ አእምሮው ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ይቆጥራል፣ ሰንጠረዡን ያስባል፣ ፊደሉን ይፈልጋል። ፍጥነቱ ትንሽ ሲጨምር ይሄ ሁሉ አይደርስም። ብዙ ሰው በደቂቃ ከ10 ቃል በታች ላይ ተቸክሎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሉድቪግ ኮክ የሚባል ጀርመናዊ በ1930ዎቹ መድኃኒቱን አግኝቷል፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ ፍጥነት ስማ፣ ግን ሁለት ፊደል ብቻ። ከመቶ 90 ስትለይ ሦስተኛውን ጨምር። ብዙዎቹ መለማመጃዎች «ኬ» እና «ኤም» ላይ ያስጀምራሉ። ዳዲዳ። ዳዳ። ጋሼ ስለ ኮክ ሰምተው አያውቁም፤ እንዲህ ነው የተማሩት ግን። «ሰው ስም ሲጠራህ ፊደሉን ትቆጥራለህ?» ይሉኛል።

ስለ ፍጥነቱ ትንሽ ላስረዳ። በደቂቃ 20 ቃል ሲላክ አንድ ዲት 60 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዳ የሱ ሦስት እጥፍ። በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉ ድምፆች መሐል ያለው ዝምታ አንድ ዲት ያህል፣ በፊደልና ፊደል መሐል ሦስት፣ በቃልና ቃል መሐል ሰባት። ያው ዲትና ዳ ቦታውን ሳይለቅ ዝምታው ብቻ ሲለወጥ ሌላ ፊደል፣ ሌላ ቃል ይሆናል።

እዚህ ላይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ትንሽ የምንኮራበት አለን። ጆሯችን ርዝመት መለካት ያውቃል። «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ መኖሩን ይገልጻል። «ይመታል» ሲላላ መቺ ነው፤ ሲጠብቅ ተመቺ። ፊደላችን ልዩነቱን አይጽፈውም፤ ጆሯችን ግን ከእናታችን ጉያ ጀምሮ ሲለየው ኖሯል። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው «እሱን ትተህ ስማ» አሉኝ። ከልብ ነው የማምነው ግን። ደግሞ ጎጃም ውስጥ በጆሮ መማር አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ዜማውን ከየኔታ አፍ ሰምቶ ነው የሚይዘው፤ ቅኔውም ተዘርፎ፣ ተሰምቶ፣ ታርሞ ነው።

ሦስተኛው ወር ላይ ግን ግድግዳ ገጨሁ። «ኢ»፣ «አይ»፣ «ኤስ»፣ «ኤች»፣ እና 5 ቁጥር። አንድ ዲት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ሁለቱን መጀመሪያዎቹን እለያለሁ፤ ከሦስት በላይ ሲሆን ግን ሁሉም እንደ ባጃጅ ሞተር ነው የሚሰማኝ። አንድ ምሽት «ኤች» ይሁን 5 ብዬ ሳስብ አሥራ አንድ ፊደል አለፈኝ። ደብተሬ ላይ ባዶ መስመር ቀረ። እስክሪብቶውን ወረወርኩት።

ጋሼ እስክሪብቶውን ከመሬት አንስተው ሰጡኝ። ከዚያ ስለ ሥራቸው ነገሩኝ። በጦሩ ውስጥ ይቀበሉት የነበረው ቃል አልነበረም፤ አምስት አምስት እየሆነ የሚመጣ የተመሰጠረ ፊደልና ቁጥር ነው። የሚጽፉትን አያውቁትም። ወረቀቱን ሌላ ክፍል ያለ ሰው ወስዶ ይፈታዋል። ስለዚህ ያመለጠችህን ፊደል ከቃሉ ገምተህ መሙላት የሚባል ነገር የለም፤ ካመለጠችህ ሰረዝ አድርገህባት ቀጣይዋን ትይዛለህ። «አንዷን ስታለቅስላት አሥሯን ትቀብራለህ» አሉኝ። አንዳንድ ቀን ሲጽፉ አምሽተው ምን እንደጻፉ ሳያውቁ ይተኛሉ። ሰው ሞቶ ይሆን፣ ቀለብ ተልኮ ይሆን፣ አያውቁም። ይሄን ሲነግሩኝ ወደ ሐይቁ እያዩ ነበር፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

እንዲህ ያለ ሥራ እኛ ምድር ላይ ብዙ ተሠርቷል። አስመራ ላይ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 በቆዩበት፣ በኋላ በኮሪያ በዘመተው ጦራችን ስም ቃኘው ተብሎ በተጠራው ጣቢያ፣ ወታደሮች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው የሰው ሀገር ሞርስ ሲጽፉ ይውሉ ነበር። ቦታው የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ከፍታውና ለምድር ወገብ ቅርበቱ ለሬዲዮ ተስማሚ መሆኑ ነው። ባሕር ዳርም በዚህ ረገድ ቀላል አይደለችም። ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ብዙ አትርቅም፤ ሞገድ የሚያንጸባርቀው ከላያችን ያለው የአየር ንብርብር እዚህ የራሱ ጠባይ አለው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባል ይህንኑ የሚያጠና ቤተ ሙከራ አለ። ስሙ ከጎጃሙ የቅኔ ቤት ጋር አንድ ነው፤ ለጆሮ ትምህርት ጥሩ ስም ይመስለኛል።

የሰው ሞርስ ከእውነተኛ አየር ላይ የሰማሁት በመብራት መጥፋት ነው። አጭር ሞገድ የሚይዝ፣ ሞርስ ማሰማት የሚችል ትንሽ ሬዲዮ በውሰት አግኝቼ ነበር። (ተራ ሬዲዮ ሞርስን «ፍስ ፍስ» ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ድምፅ የሚሰጠው ተጨማሪ ሰርኪውት ያስፈልጋል።) አሥር ሜትር ገደማ ሽቦ ከመስኮቴ እስከ ጓሮው ማንጎ ዛፍ ዘረጋሁ። ዘመኑ ዘመን ነውና አከራዬ «ይሄ ምንድነው ልጄ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። መስማት ብቻ እንጂ መላክ እንደማልችል፣ ለመላክ ደግሞ ሞገዱን ከሚያስተዳድረው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስረዳኋቸው። «ልብስ ይሰጣበታል?» አሉ። ይሰጣበታል አልኩ። ተስማማን።

ሁለት ሳምንት ጩኸት ብቻ ሰማሁ። የሰፈሩ ቻርጀር፣ ርካሽ አምፖል፣ ቲቪ፣ ሁሉም በአጭር ሞገድ ላይ ይንጫጫሉ። አንድ ማክሰኞ ማታ መብራት ሄደ። ሰፈሩ «ኧረ!» አለ። በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮዬ ውስጥ ያለው ጩኸት እንደ ክዳን ተነሳ። ሥሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ሰዎች። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ የሚንቀጠቀጥ። ጥሪ ማለት የሆነው «ሲኪው» ይደጋገማል፤ ዳዲዳዲት፣ ዳዳዲዳ። ከዚያ ስም። «አይ» ብሎ ጀመረ፤ ጣሊያን። ሌላው «ቪዩ» አለ፤ ህንድ። ያመለጠኝን ሰረዝ እያደረግሁ ቀጠልኩ። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በደስታ ጮኸ፤ እኔ ብቻዬን ተናደድኩ።

እናንተ መስማት ከፈለጋችሁ መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ። ኔት ካላችሁ በኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጹ ማንም ሰው እንዲያዳምጥበት የከፈተው ሬዲዮ አለ፤ 7 ወይም 14 ሜጋኸርዝ መጀመሪያ አካባቢ ብትሄዱ ሞርስ አታጡም። አንድሮይድ ላይ የጉግል ኪቦርድም ከ2018 ጀምሮ የሞርስ ምርጫ አለው፤ ጣታቸውን እንደልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች ታስቦ የገባ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሐኪም እንዳስረዳቸው ከጆሯቸው የሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» የመሳሰሉት ስለሚጠፏቸው፣ ሰው ሲያወራ ድምፁን ይሰሙታል፣ ቃሉን ግን አይለዩትም። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ለእኔ ይሰጡኛል፤ እኔ እሰማና ጠረጴዛው ላይ በጣቴ እመታላቸዋለሁ። ጠረጴዛ ሲመታ አጭርና ረጅም የለውም፤ እሱን በክፍተት ተስማምተናል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ከሰው ጋር ሳይደጋግሙ የሚያወሩበት ብቸኛው መንገድ እሱ ሆነ። አማርኛውን ቴሌግራም ላይ እንደምንጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምንልከው። ጋሼ አጻጻፌን ይጠሉታል። «ሰላም ስትል ምነው እንደ ተማረ ሰው ብትጽፈው» ይላሉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተማረ ሰው ሰላምን እንዴት እንደሚጽፈው ግን አልነገሩኝም።

የፈተናዬ ቀን እሑድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁ ዳር። ጋሼ የድሮ ቁልፍ የላቸውም፤ ከበር ደወል ማዞሪያ፣ ከባትሪና ከትንሽ ጡሩምባ ራሳቸው የሠሩትን ይዘው መጡ። ሬዲዮ የለበትም፤ የሚሰማው እኛው ጋ ብቻ ነው። 5 ደቂቃ ላኩልኝ። ዘጌ ደርሳ የምትመለስ ጀልባ እየጮኸች አለፈች፤ ጎረምሶች ሙዚቃ ከፍተዋል። ወደ መሐል ላይ አንድ «ኤች» አመለጠችኝ፤ ሰረዝ አደረግሁባት። ቀጠልኩ። ሲጨርሱ ወረቀቴን ተቀብለው በቀይ እስክሪብቶ ቆጠሩ። ከሰረዟ በኋላ 71 ፊደል ያለ ስህተት። ምንም አላሉም፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አሁን አንተ ላክ» አሉ።

ጡሩምባውን አንስተው ጣታቸውን አፉ ላይ አደረጉ። በዚያ ሰሞን ግራ ጆሯቸው ብሶበት ነበር፤ ንዝረቱን በጣት ነው የሚቀበሉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በሌላው እጃቸው እስክሪብቶ ያዙ። እኔ ኩራቴ ገና አልበረደም። ከዓመታት በፊት ወታደር ሆነው ይጽፉ እንደነበረው፣ ፊደሎቹን አምስት አምስት እያደረጉ እንዲጽፉ ፈለግሁ፤ አምስት ፊደልና ቁጥር ያለው ደግሞ የማውቀው አለ። ኢቲ3ኤኤ። በፍጥነት መታሁት።

ጋሼ ጽፈው ወረቀቱን ወደኔ አዞሩት። አራት ብቻ ነው። ኤ3ኤኤ ይላል። ዲትና ዳው ተጣብቀውብኛል። ኤ3 የቶንጋ መነሻ ነው፤ ከጣና ዳር ተነስቼ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ገብቻለሁ።

«ኢትዮጵያን የት ጣልካት?» አሉኝ።

«ክፍተቷን ረስቼ ነው ጋሼ።»

ጣታቸውን ጡሩምባው ላይ መለሱ። «ድገም» አሉ። ደገምኩ።